እናቴ እንዳትሰማ

የዘንድሮ ልጆች ለእናት ለአባታቸው ስልክ መግዛት ይወዳሉ። ማስተማሩን ግን አይወዱም። ባለ ትልቅ መስታወቱን ስልክ ከነካርቶኑ ይዘው ይመጡና፣ ስጦታውን ሲያስረክቡ ፎቶ ተነሥተው፣ "በዚህች አረንጓዴ አንሺ፣ በዚህች ቀይ ዝጊ፣ ሌላውን እንዳትነኪ ይበላሻል" ብለው ውልቅ ይላሉ። እናትም ስልኩን በዳንቴል ሸፍና ቁም ሳጥን ላይ ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን ደፍራ "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" ብላ የጠየቀች እንደሆነ መልሱን ታውቁታላችሁ። "ኤጭ! ስንቴ ልንገርሽ?" ስንቴ? አንዴም አልነገራት እኮ! ይህችው እናት ማንኪያ አያያዝ፣ ጫማ አስተሳሰር፣ አፍንጫ አጠራረግ ስታስተምረው አንድም ቀን ኤጭ አላለችም። እንዲህ ያለውን ልጅ ሳይ ደሜ ይፈላል።

አልማዝ እባላለሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ሆኜ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ቤቴም ኮልፌ ነው። ሰፈሩ ምላሰኛ ይለኛል። ይበለኝ፤ ከእንግዲህ ወዲያ አልታረምም።

የእድራችን ፀሐፊ መስፍን ይባላል፤ የጎረቤቴ የእማማ ዘነበች ልጅ ነው። አንገቱ ላይ መታወቂያ ሳያንጠለጥል ሽንት ቤት የማይሄድ ዓይነት ሰው አታውቁም? እሱ ነው። እንደተመረጠ ጥሩንባ ነፊያችንን "ኋላ ቀር አሠራር ነው" ብሎ አሰናበተና እድሩን እንዳለ ቴሌግራም ውስጥ ከተተው። "ከአሁን በኋላ ሰው ሲሞት መልእክቱ በየስልካችሁ ይደርሳችኋል" አለን፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው። ችግሩ፣ የእድርተኛው እኩሌታ ስልክ ከማንሣትና ከመዝጋት በቀር የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ለአረጋውያን የኢንተርኔት ሥልጠና ተዘጋጀልን፤ አሠልጣኝም መጣ።

አሠልጣኙ የሱሪው ጫፍ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሳይደርስ ያለቀበት ወጣት ነው። "ኢንተርኔት ማለት የኔትወርኮች ኔትወርክ ማለት ነው" ብሎ ጀመረ። በዚህ ጊዜ የእድራችን ዳኛ ሐጂ ከድር ስልካቸውን ወደ ላይ አንሥተው "ልጄ፣ ይኼ በምን በኩል ነው የሚከፈተው?" አሉት። "እሱ በኋላ እንደርስበታለን አባቴ" አለ። አልደረሰበትም። ምሳ ሰዓት ሲሆን ለሁላችንም ምስክር ወረቀት አደለን፣ መሐላችን ገብቶ ፎቶ ተነሣ፣ ሄደ። ስልኩን ሳይከፍት በኢንተርኔት የተመረቀ ሽማግሌ ማየት የሚፈልግ ካለ ኮልፌ ይምጣ።

እማማ ዘነበች ከሥልጠናው ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው "አልማዝዬ፣ እኔ እኮ የደጀኔን ፊት ማየት ነው የፈለግሁት፤ ሌላ ምን አለኝ?" አሉኝ። ደጀኔ ጎጃም ያለ ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ከታመመ ሰነባብቷል። እናታቸው ገና በልጅነት ስትሞትባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። መስፍንን "በቪዲዮ ደውልልኝና ልየው" ባሉት ቁጥር ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ካለ ስብሰባ አለ፤ ስብሰባ ከሌለ ነገ ነው። እድሩን በሙሉ ቴሌግራም ላይ ያሰፈረ ሰው ለእናቱ ሲሆን ኔትወርክ ያጣል! አፈር ብላ ልለው ፈልጌ ለእናቱ ስል ተውኩት።

እኔው ላስተምራቸው ቆረጥኩ። ከቀትር በኋላ ቤቴ እየመጡ ጀመርን። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቆጥረዋል፤ ቀስ ይላሉ እንጂ ያነባሉ። መጀመሪያ ላይ መስታወቱን ሲነኩ ልክ የጋለ ድስት እንደነካ ሰው ጣታቸውን ይሰበስቡ ነበር። ቆይተው ግን ደፈሩት፤ መጻፉንም ለመዱ። አንድ ቀን ወደ ደጀኔ ልጅ ስልክ በቪዲዮ ደወልን። የወንድማቸው ፊት ብቅ ሲል "የኔ ጌታ!" ብለው ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉና ሳሙት። ጉንጫቸው ቀይዋን ተጫነና ተዘጋ። እንደገና ደወልን። እንደገና ሳሙት፤ እንደገና ተዘጋ። ናፍቆት ያለበት ሰው ሳይስም ሰላም ማለት የት ይችላል? በኋላ እኔ ስልኩን ራቅ አድርጌ ያዝኩላቸውና እሳቸው አየሩን እየሳሙ ተጨዋወቱ። ያን ዕለት ሲሄዱ መርቀውኝ መርቀውኝ አልጠግብ አሉ።

ይኼን ለመስፍን ብነግረው ከት ብሎ ሳቀ። "እትዬ አልማዝ፣ ምን አደከመዎት? እሷ የት ታውቃለች!" አለኝ። የእድሩ የቴሌግራም ቡድን አባል እንዲበዛለት ግን እናቱን በገዛ እጁ እዚያው ቡድን ውስጥ አስገብቷቸዋል። እንደማያነቡ እርግጠኛ ነዋ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አንድ ማክሰኞ ከቤቴል በታክሲ ስመለስ ስልኬ ጮኸ። መስፍን ቡድኑ ላይ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "የእናቴ ወንድም አቶ ደጀኔ ትናንት አርፈው ዛሬ ቀብራቸው ተፈጽሟል። ነገ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መርዶ ስለምንነግራት ሁላችሁም በራችን ላይ ተገኙ። እስከዚያው እናቴ እንዳትሰማ ምስጢሩን ጠብቁልን።" ከሥሩ ደግሞ እድርተኛው እየተሽቀዳደመ "ነፍስ ይማር"፣ "ምስጢሩ የተጠበቀ ነው" ይላል።

እናንተዬ! እንዳትሰማ የተባለችው እናት እኮ እዚያው ናት! አገራችን መርዶን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ አጥታችሁት አይደለም። ሰው በሹክሹክታ ይመካከራል፣ ሐዘንተኛው እህል ቀምሶ እንዲያድር ይጠነቀቃል፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ አስቀድሞ ይገባል፤ ይኼ ሁሉ ያ ሰው ክፉውን ወሬ ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው። መስፍን ግን ምስጢሩን ሄዶ ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ያ ኋላ ቀር የተባለው ጥሩንባ ነፊ እንኳ የሐዘንተኛው በር ጋ ሲደርስ ጥሩንባውን ዝቅ አድርጎ ማለፍ ያውቅ ነበር።

ከታክሲው ወርጄ ሮጥኩ። በምን ሰበብ ስልኩን ከእጃቸው እንደምወስድ እያሰብኩ ደረስኩ። እማማ ዘነበች ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው። ዓይናቸው ደርቋል።

"አልማዝዬ፣ ነገ ጠዋት ሰው ይመጣል፤ ወንበር አይበቃንም" አሉኝ።

እግራቸው ሥር ተቀምጬ የማለቅሰው እኔ ሆንኩ፤ የሚያባብሉኝ እሳቸው።

"ምነው እማማ፣ ምነው ሰው አልጠሩ? ምነው አልጮኹ?"

"ብጮህ ልጄ ምን አደረገ ይባላል። በሰው ፊት ይዋረድብኛል። በሥርዓቱ ያርዱኝና ያኔ አለቅሳለሁ። አንቺም አፍሽን ያዢ።"

እኔን አፍ ያዢ! ያዝኩ። እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሐጂ ከድር ከፊት፣ እድርተኛው ከኋላ ሆኖ ገባ። ሐጂ "ዘነበች፣ እንግዲህ ሁላችንም የፈጣሪ ነን..." ብለው ሳይጨርሱ እማማ ዘነበች አፍነው ያደሩትን ለቀቁት። "አፈር እንኳ ሳላለብስህ!" እያሉ ደረታቸውን ደቁ። አዲስ መርዶ የሰማች እንጂ መርዶዋን ታቅፋ ያደረች ናት ብሎ የጠረጠረ አንድ ሰው አልነበረም።

በሣልስቱ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ መስፍን መታወቂያውን አስተካክሎ ተነሣ። ያጽናኗቸውን ሁሉ አመሰገነ። እዚያ ላይ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? "ቴክኖሎጂውን በአግባቡ በመጠቀማችን እናቴ ምንም ሳትሰማ በሥርዓቱ ልትረዳ ችላለች" አለ። "ቀብሩንም ቀድመን ያልነገርናት ለእሷ አስበን ነው። አሮጊት ናት፤ ያን መንገድ የት ትችለዋለች?" ሰዉም ራሱን እየነቀነቀ አመሰገነው። እኔ ምላሴን ነክሼ ቁጭ አልኩ፤ ቃል ሰጥቻለሁ።

እማማ ዘነበች ጥግ ላይ ነጠላቸው ውስጥ አቀርቅረዋል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ባንዴ ጮኸ። ሐጂ ከድር መነጽራቸውን ፈለጉ። እኔም ከፈትኩት።

"መስፍን ማክሰኞ ብቻዬን ሆኜ አንብቤዋለሁ። ደጀኔን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ነኝ መንገዱ አያቅተኝም ነበር። ሌላ ቀን ሰው ሲሞትብኝ ከሕዝብ በፊት ለእኔ ንገረኝ። እናትህ።"

ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ፤ ቀና ብሎ መስፍንን ሊያይ የደፈረ አልነበረም። ቀና ብለው የሚያዩት እናቱ ብቻ ነበሩ።