የትኛው ስታዲየም?

በአሜሪካ ምድር ስታዲየሙ ፈርሶበት ሐዘኑን በአርባ ቀን ያወጣ ከተማ የለም። የየከተማው ሐዘንተኛ ደግሞ አንድ አለቃ አለው፤ አዲሱን ስታዲየም በአዲስ ስሙ ላለመጥራት የማለ ሽማግሌ። የከተማችን የቡፋሎ አለቃ ጎረቤቴ ናቸው፤ ክቡር ሊቀ ስታዲየም ካዚሚር ዶምብሮቭስኪ። ጡረታ እስኪወጡ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው መልስ አይሰጥምና ክርክር ተሸንፈው አያውቁም።

ሊቀ ስታዲየም ዘመንን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ቅድመ ስደትና ድኅረ ስደት። ስደት የሚሉት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድናችን ቢልስ መሀል ከተማ የነበረውን አሮጌ ስታዲየም ትቶ ከከተማ ውጭ የሄደበትን ዓመት ነው። አሮጌው አግዳሚው ስንጥር የሚወጋ፣ ነፋስ እንደልቡ የሚገባበት ስለነበር ሰዉ «ድንጋይ ክምሩ» ይለው ነበር። እሳቸው ግን ስለ ገነት የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። መቼ እንዳገቡ ብጠይቃቸው የነገሩኝ በዚያ ሳምንት የተሸነፍንበትን ውጤት ነው።

የውጭው ስታዲየም ደግሞ በስሙ ለማስጠራት የሚከፍለው ኩባንያ በተለወጠ ቁጥር ስሙ ይለወጣል። ያን ስም የጠራ ሰው «እሱ ስም ነው? ማስታወቂያ ነው እንጂ!» ይባላል። ዝም ብሎ «ስታዲየም» ያለም አያመልጥም፤ ጣት ይቀሰርበትና «የትኛው ስታዲየም?» ተብሎ ይጠየቃል። መንገድ የጠየቃቸውማ ወዮለት! አንድ ፒዛ አድራሽ በስልክ «ከሰሜኑ በር ወደ ቀኝ ታጠፍ» ብለውት፣ ድሮ የፈረሰ በር ሲፈልግ አምሽቶ መጣ።

«አባባ፣ እዚያ በር የለም እኮ!» አላቸው።

«ዓይን ያለው ያየዋል» ብለው የቀዘቀዘውን ፒዛ ተቀበሉት።

ባለፈው ታኅሣሥ እናቴ ጠፋች። መርሳት ከጀመራት ቆይቷል። በረዶው ሲከብድ ካፖርቷን ሳትለብስ ወጥታ ኖሮ፣ ቤቱን ስናተራምስ ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ! የት ነሽ?»

«ስታዲየም ነኛ። እስካሁን አልከፈቱም» አለችና ተቋረጠ።

ፖሊሶቹ ወደ ውጭው ስታዲየም ከነፉ። እኔም ልከተል ስሮጥ ሊቀ ስታዲየም ደጃቸውን በረዶ ይዝቃሉ።

«ምን ሆነሻል ልጄ?»

«እማዬ ጠፍታለች! ስታዲየም ነኝ አለች!»

«የትኛው ስታዲየም?»

ልጮህባቸው ነበር። ግን እናቴ በእግሯ ነው የወጣችው፤ ልጅነቷም ከስደት በፊት ነው። ገባኝ።

በእሳቸው መኪና በረርን። ከድንጋይ ክምሩ የቀረው አንድ ጥግና አሮጌው በር ነው፤ ውስጡ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ሆኗል። እናቴ በሩ ሥር ከንፈሯ ጠቁሮ ትንቀጠቀጣለች። ብጎትታት፣ ብለምናት፣ ንቅንቅ አልል አለች።

«ጨዋታው ሊጀመር ነው! አንተ ዘበኛ፣ ክፈት እንጂ!» አለቻቸው።

ሊቀ ስታዲየም ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሷት። «ወይዘሮ ሎሬታ፣ ጨዋታው ወደ ሌላ ስታዲየም ተዛውሯል። እኔ አደርስዎታለሁ።»

«የት ነው እሱ? ስም የለውም? ልታታልለኝ ነው!»

ሽማግሌው በሩን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ የውጭውን ስታዲየም፣ በከፋዩ ኩባንያ ስም፣ አንድ ፊደል ሳያጎድሉ ጠሩት።

«እንዲህ አትለኝም ታዲያ!» ብላ እናቴ መኪናው ውስጥ ገባች።

ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍተው ወደ ሐኪም ቤት ሲነዱ፣ በመስታወቱ አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ያልኩትን ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ለእናቴ ሲሉ ያን ስም ያወጣ አፋቸውን ግን ብስመው ደስ ባለኝ።