ውሾቹ ሊመርጡን የመጡ ዕለት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሁለት ውሾች በራችንን አንኳኩ። ግዙፎች ናቸው፤ ቁመታቸው የበሩን መቀርቀሪያ ያልፋል፤ ፀጉራቸው እንደ መንዝ በግ ተጠቅልሏል። በራችን ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል፤ ውሻ እንኳ የለንም። በሕልሜ ግን ቆርቆሮው «ኃይለኛ እናት አለች፤ ሳታንኳኩ አትግቡ» ይላል። ፊደል በፊደል ሳልቆጥር ባንድ ትንፋሽ አነበብኩት። ደስ አለኝ።

ይህ ሁሉ የመጣው ከሐሳብ ነው። የአክስቴ ልጅ አዱኛው አዲስ አበባ ውሻ ያራባል። ልጄ ትርሲት ስምንት ዓመቷ ነው፤ ውሻ አምጡልኝ ብላ ሁለት ወር አለቀሰች። አዱኛው ትናንት ደውሎ፣ «ሁለት ቡችሎች አሉኝ፤ ሁለቱም በእናታቸው ፑድል የሚባለው ፀጉረ ጥቅልል የፈረንጅ ውሻ ዘር ናቸው። ያንዱ አባት የተራራ ውሻ ነው፤ የሌላዋ አባት ደግሞ ሰው ከውሃ የሚያወጣ። ሲያድጉ ጥጃ ያክላሉ። አብረው ነው ያደጉት። አንዱን ምረጪ፤ ነገ ጠዋት ደብረ ብርሃን እመጣለሁ» አለኝ።

እኔ እንኳን ውሻ፣ ሽንኩርት ስመርጥም እጨነቃለሁ። የጎልማሶች ትምህርት የምማርበትን ደብተር አወጣሁና በገዛ እጄ ጥያቄዬን ጻፍኩ። ይናከሳል? ፀጉሩ ይረግፋል? ብዙ ይበላል? ከልጅ ጋር እንዴት ነው? ከሁሉ በታች «የትኛው ይሻላል?» ብዬ ደብተሩን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

በሕልሜ ያን ደብተር የያዘው የተራራው ውሻ ነው። መነጽር አድርጓል። የውሃዋ ውሻ ጥቁር ናት፤ ጃንጥላ ይዛለች።

«እንደምን አደራችሁ» አለ የተራራው። «ቤተሰብ ልንወስድ ነበር። እናንተንና ጎረቤታችሁን አይተን አንዱን እንመርጣለን።»

«ግቡ ጌታዬ» ልል ዞር ስል ቤቱ የለም። ከብት ተራ ቆመናል። እኔ፣ ባለቤቴ ደምሰውና ትርሲት በአንድ ገመድ ታስረናል። ደላሎቹ በጎች ናቸው። አንድ ሙክት መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

«ይቺን እዩልኝ! ብርድ የለመደች ናት! ማልዳ ትነሣለች፤ በር ሦስት ጊዜ ትዘጋለች። ትንሽ ትጨነቃለች እንጂ ነውር የላትም!»

«ጥርስሽን አሳዪ» አለችኝ የውሃዋ። አሳየሁ።

«ትናከሻለሽ?»

«ኧረ በፍጹም እመቤቴ! ልጄን ካልነኩብኝ።»

«ባልሽስ?»

«እሱ ይጮኻል እንጂ አይናከስም።»

«ማነው የሚጮኸው!» ብሎ ደምሰው ጮኸ።

የተራራው ደብተሬን ገለጠ። «ፀጉሩ ይረግፋል?»

እዚህ ላይ ደነገጥኩ። የደምሰው ፀጉር ከመሐል አናቱ ከተሰናበተ ስድስት ዓመቱ ነው። ደምሰው ከሠርጋችን ወዲህ አድርጓት የማያውቃትን ግራጫ ባርኔጣ ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ እስከ ጆሮው ድረስ ሳባት።

«አይረግፍም» አልኩ። ውሸት አልችልበትምና ጆሮዬ ጋለ። «ማለቴ… ከእንግዲህ አይረግፍም።»

ሙክቱ ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

«ከቡችላ ጋር እንዴት ናችሁ?»

«እኔ ራሴ ቡችላ ነኝ!» አለች ትርሲት።

ውሾቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭራቸውን ቆሉ። «ይቺን ወደድናት» አለች የውሃዋ። «ይቺን ብቻ እንወስዳለን። ትልልቆቹ ብዙ ይበላሉ።»

ገመዱን በሁለት እጄ ያዝኩ። «አይሆንም! አብረን ነው የኖርነው! ከመሐላችን አንድ ነጥሎ መውሰድ የለም!»

ውሾቹ ተያዩ። የተራራው መነጽሩን አስተካክሎ የደብተሬን የታችኛውን መስመር በጥፍሩ አሳየኝ። «ታዲያ ይሄ ‹የትኛው ይሻላል?› የሚለው የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ ነው» አልኩ። «ተሳስቼ ነው።»

«እንግዲያው ነይ፣ ቀበሌ ሄደን እንጨርሰው።»

ቀበሌው ደጃፍ ላይ ሠራተኞቹ ፋይላቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል፤ የሚጠብቁት እኛን ነው። «እባክዎ እናቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ፤ አንዴ ያስተናግዱኝ» አለኝ ሊቀመንበሩ። «ነገ ተመለስ» አልኩት። እንዴት ደስ እንደሚል!

ውስጥ ገብተን ወረቀቱ ተዘረጋ። ውሾቹ መዳፋቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። እኔም እንደ ልማዴ አውራ ጣቴን ዘረጋሁ።

«እሱ የኛ ነው» አለ የተራራው። «ሰው ስሙን ይጽፋል።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ዘውድነሽ። አምስቱም ፊደላት መስመራቸውን ሳይለቁ ቆሙ። ሠልፈኞቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ሙክቱ ዘለለ። የተራራው ትልቅ ማኅተም አነሣ። ትርሲት እጄን ጨበጠችኝ።

«ይህ ቤተሰብ» አለ፣ «በሙሉ…»

ጧ! ጧ!

ነቃሁ። የሚንኳኳው የራሳችን በር ነው። ነግቷል። ወጥቼ ስከፍት አዱኛው ቆሟል፤ ከጎኑ ሁለት ቡችሎች ተጠጋግተው ይንቀጠቀጣሉ። የአራት ወር ቡችላ ናቸው ይላል፤ ከአሁኑ ጉልበቴን አልፈዋል።

«እሺ ዘውዴ፣ የትኛውን? ሌላኛውን ይዤ ልመለስ፤ መኪናው እየጠበቀኝ ነው።»

ከትራሴ ሥር ያነሣሁት ደብተር በእጄ ነበር። ከአዱኛው ኪስ እስክሪብቶ መዘዝኩ፤ የታችኛውን መስመር ሰረዝኩና ከሥሩ «ሁለቱም» ብዬ ጻፍኩ። አንብቦ ሳቀ። ትርሲት በአንድ እግር ጫማ ከቤት ተወርውራ ወጥታ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አቀፈች።

የደምሰው ነገር ትዝ ሲለኝ ደነገጥኩ። አንድ እንኳ ይበዛል ብሎ የተኛ ሰው ነው። ምን ልበለው ስል የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ደምሰው በፒጃማ ወጣ። ያቺን ግራጫ ባርኔጣ እስከ ጆሮው ድረስ ስቦ አድርጓታል። ከኋላዬ ተጠግቶ በትከሻዬ ላይ ወደ ውሾቹ አጮለቀ።

«ዘውዴ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ተቀበሉን?»