መኪና ልግዛ ወይስ ልከራይ?

በባዶ መንገድ ላይ መኪና የሚያማርጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ ገጥሞኛል።

ጦርነቱ ከተማችንን መርሳን ጭር ሲያደርጋት፣ በሰፈራችን ቤት ጠባቂ ሆነን የቀረነው እኔና ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ ብቻ ነበርን። ቤተሰቦቻችን ወደ ደሴ ሸሽተዋል፤ ስልክም ተቋርጧል። ጋሽ ሰይድ ግን በየቀኑ አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው፣ «አዲስ መኪና ልግዛ ወይስ በዓመት ኮንትራት ልከራይ? የገዙት የራስ ነው፤ የተከራዩት ቢበላሽ ግን ጣጣው የባለቤቱ ነው» እያሉ ያማክሩኝ ነበር። እኔም እንደ ባለሙያ ራሴን እየነቀነቅኩ እሰማቸዋለሁ።

አንድ ቀን ታከተኝና፣ «ጋሼ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ነዳጅ ጠፍቶ፣ ምን ያከራክረናል?» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «ወላሂ፣ ዝም ስል የልጆቼ ድምፅ ይመጣብኛል» አሉኝ።

ሁለታችንም ዝም አልን። ወዲያው የሚስቴ ድምፅ መጣብኝ።

«ለመሆኑ» አልኳቸው ፈጠን ብዬ፣ «ቀለሙ ምን ይሁን?»