ከማሽላ አገዳ የሠራሁት ፌስታል

ፌስታል ሰው ሲከተል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገበያ ሲበተን ደሴ ሰኞ ገበያ ብትቆሙ ታያላችሁ። ሰው ይሄዳል፣ ፌስታሉ ይቀራል። ነፋስ ሲመጣ ግን ብድግ ይልና ሰው በሄደበት ይሄዳል። እኔ ያስፈራኛል። የማያስፈራኝ ነገር ምን አለና!

የኬሚስትሪ መምህራችን፣ መሬት ውስጥ የሚበሰብስ የምግብ መጠቅለያ ከእህል ተረፈ ምርት ሥሩ፣ ጥሩ የሠራ ኮምቦልቻ ኤግዚቢሽን ላይ ያቀርባል ሲሉ ደስ አለኝ። የሚበሰብስ ነገር ተነስቶ አይከተለኝም ብዬ ነው። ማሽላው ተወቅቶ የተረፈውን አገዳ ከትፌ በአመድ ውሃ ቀቀልኩ፣ አጥቤም ወቀጥኩት። ከድንች ልጣጭ የዘቀጠውን ነጭ ዱቄት ጨመርኩበት። አቼቶና ግሊሰሪን ጠብ አድርጌ አማሰልኩና ትሪ ላይ በስሱ አፈሰስኩት። የደሴ ጉም ግን መች ያደርቃል? ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ወስጄ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከስንት ሙከራ አንዱ ብቻ ሳይቀደድ ተላቀቀ። ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ የሰው ቆዳ ይመስላል። አክስቴ ስታየው "ቢስሚላህ!" ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ደብተር ውስጥ ከትቼ በሚኒባስ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ገባ። ደብተሩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው "ልጄ፣ ነፍስ ያለው ነገር ይዘሻል እንዴ?" አሉኝ። የትምህርት ቤት ሥራ ነው አልኳቸው። እስከ ደሴ ድረስ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ሄዱ።

ቤት ገብቼ መዳፌ ላይ ሳደርገው ጫፉ ተነሳ። ከእንቅልፉ እንደሚነቃ ሰው ቀስ ብሎ ዞረ። ጮህኩ! በኋላ ነው የገባኝ። እጄን አልቦኛል፤ ስስ ስለሆነ ከሥሩ እርጥበት ሲጠጣ ይታጠፋል። ይኸው ነው። ደረቅ እጅ ላይ ዝም ብሎ ይተኛል።

ይህን ግን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘሀራ ማን ያስረዳልኝ? ጩኸቴን ሰምተው መጡ። የእሳቸው መዳፍ ላይ ተኛ፣ የኔ ላይ ተላወሰ። "ይሄስ ሰው ይለያል" አሉ። ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ምላሴ ስለሚታሰር ዝም አልኩ። ጥፋቴ ይሄ ነው።

በሦስተኛው ቀን የእትዬ ዘሀራ የወርቅ ጉትቻ ጠፋ። ቀኑ ደግሞ ሰአዳ እሳቸው ቤት ልብስ የምታጥብበት ቀን ነው። ሰአዳ ከደጋን የመጣች፣ ሰፈራችን ሆጤ ውስጥ በየቤቱ ልብስ አጥባ የምታድር ሴት ናት። አንዴ ሌባ ከተባለች ደጁን የሚከፍትላት የለም።

እትዬ ዘሀራ ሴቶቹን ግቢያቸው ሰብስበው "ያንን ነገር አምጪው፣ ሌባዋን ይለይልን" አሉኝ። አመጣሁ። እምቢ ማለት የት ተምሬ! አንዷ ይሄማ ጥንቆላ ነው፣ ሐራም ነው ስትል "ፌስታል ከመቼ ወዲህ ነው ጠንቋይ የሆነው?" አሏት እትዬ ዘሀራ።

ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ብቻ ጠብ፣ ጠብ ይላል። በየመዳፉ ላይ እንደ ሬሳ ተኛ። ሰአዳ ዘንድ ደረሰ። እጇ ገና ከሳፋው መውጣቱ ነው፣ ቆዳው ተጨማዷል። ፌስታሉ ጫፉን አነሳ። ዞረ። እንደ ጣት ቀጥ ብሎ ወደ ራሷ አመለከተ።

"ወላሂ አልወሰድኩም!" አለች። ሴቶቹ አንድ አንድ እርምጃ ራቋት።

"እጇ እርጥብ ስለሆነ ነው" ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ናት። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ሰአዳ እያየችኝ ነው። አፌ ከተከፈተ አይቀር ብዬ ከመዳፏ አነሳሁና ጎረስኩት። አቼቶ አቼቶ ይላል። አኘክሁት። ዋጥኩት።

"አዑዙ ቢላህ! አሁን እሷ ውስጥ ገባ!" አሉ እትዬ ዘሀራ።

ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ውሃ ፍለጋ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ዓይኔ ያረፈባት ሴት ሁሉ አንገቷን ደፋች። አንዲትም አልቀረችም።

በማግስቱ ጠዋት ጉትቻው በጨርቅ ተቋጥሮ እትዬ ዘሀራ በር ላይ ተገኘ። ማን እንዳስቀመጠው ያየ የለም። በሳምንቱ ደግሞ ከተረሳ የቆየ ጭልፋ፣ የስልክ ቻርጀር፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ በየባለቤቱ ደጅ ተቀምጦ ተገኘ። ኤግዚቢሽኑ ያለ እኔ አለፈ።

እውነቱን ልነግራቸው ነው አልኳት ሰአዳን። ሳቋ መጣ።

"ተይ እቴ! ሳሙና ቆጥረው ይሰጡኝ የነበሩት ዛሬ አንቺ እያለሽ ማን ይሰርቃል ብለው የቤታቸውን ቁልፍ ይሰጡኛል። ድንች ነው ካልሻቸው ነገ ሌላ ጉትቻ ይጠፋና ሌባዋ እኔው ነኝ።"

ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንደሆነ እችልበታለሁ።

መምህሩ ሆድ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል ብለውኛል። አምናቸዋለሁ። ብቻ ሰው ፊቴ ቆሞ ሲዋሽ፣ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ጫፉን ቀስ አድርጎ ያነሳል። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ "ተኛ" እለዋለሁ።

ይተኛል።