ደክሞኛል ማለት አቅቶኝ ኮሎኝ ላይ ታመምኩ

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ማይን ወንዝ ዳር፣ ከብረት ድልድዩ አጠገብ፣ አንዲት ሐበሻ የካፒቴን ኮፍያ እንዳደረገች ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሲጸለይላት ያያችሁ ካላችሁ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ።

ሌላ ሰው መስሏችሁ ከሆነ እንደዚያው ይምሰላችሁ።

ቪዲዮ የቀረጻችሁ ደግሞ በናታችሁ አጥፉት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔና ባለቤቴ ደረጀ ለዓመታት ለዕረፍት "ኡርላውብ ወጣን" ስንል የምንወጣው ሶፋችን ላይ ነበር። እኔ ኒደርራድ የቢሮ ሠራተኞች ካንቲን ውስጥ ሳህን ሳቀርብ እውላለሁ፣ እሱ ኤርፖርት ጭነት ይጭናል። ዘንድሮ ግን ልጃችን ሜላት ከክፍሏ ጋር ለሽርሽር ስትሄድ "እኛስ ከማን እናንሳለን?" ብለን የወንዝ ክሩዝ ያዝን። ከፍራንክፈርት ተነስቶ፣ ራይንን ተከትሎ እስከ ዱሰልዶርፍ፣ ከዚያ መልስ። በየቀኑ አንድ ከተማ፣ በየቀኑ አንድ ወደብ።

ደረጀ ገና ሻንጣ ስናስገባ ነገረኝ።

"ይኼ መርከብ በየቀኑ ነው የሚቆመው። በየቀኑ ከወረድሽ አትዘልቂውም። አንዱን ውረጂ፣ አንዱን ተኚ።"

ደረጀ ማለት ሥራው ላይ እንኳን ከባዱን ዕቃ ለመጨረሻ የማያስቀምጥ ሰው ነው። እኔ ግን ሳቅኩበት። "ለመተኛትማ ሽቫንሃይም ቤታችን አልጋ አለን" አልኩት።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። በኋላ እከፍልባታለሁ።

ዋናው ጥፋቴ ግን መውረዴ አልነበረም። ፖስት ማድረጌ ነው!

ታስታውሳላችሁ አይደል? ነጭ ሱሪ ለብሼ መርከቡ ፊት ቆሜ፣ የምንቆምባቸውን ከተሞች በሙሉ ከነሰዓታቸው ጻፍኩላችሁ። ልብም ጨመርኩበት።

እናንተም ልባችሁ አልቻለም። "እኛ ጋ ሳትመጪ?" የሚል ኮመንት እንደ ዝናብ ወረደ።

አብረውን የሚጓዙት ጀርመኖች ወደብ ሲደርሱ ካርታ ያወጣሉ። እኔ ወደብ ስደርስ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል።

ማይንዝ ጽጌ ጠበቀችኝ። እዚህ አገር ስመጣ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አንድ ክፍል የተካፈልን ነን። "ደጄን አልፈሽ ልትሄጂ ነበር?" አለችኝ። ደጇ ራይን መሆኑ ነው። ዶሮ ሠርታለች። ዶሮ ተሠርቶ "አመሰግናለሁ፣ መርከብ ይጠብቀኛል" ማለት የሚችል ሐበሻ ካለ ስሙን ንገሩኝ፣ ሄጄ ልማርበት።

ኮብሌንዝ የደረጀ የአጎት ልጅ ሥራ አስፈቅዶ መጣ። ሁለት ወንዞች የሚገናኙበትን ቦታ ከታች አሳየኝ። ከዚያ ከላይ ካልታየ አይገባሽም ብሎ ተራራ አስወጣኝ። ደረጀስ? መርከቡ ላይ ተኝቷል። የገዛ ዘመዱን!

"ሰላም በይልኝ" ነው ያለኝ።

ቦን አራስ ጥየቃ ነበር። መቼም አራስ ያለችበት ከተማ ቆሞ ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው።

ገንፎ።

ዱሰልዶርፍ ላይ ደግሞ ጭራሽ በአካል አይቻት የማላውቃት ተከታታዬ እየጠበቀችኝ ነበር። "እንደ ቤተሰብ ነሽ" ያልሽኝ እህቴ፣ አንቺን እያማሁ እንዳይመስልሽ፣ ክትፎሽ ግሩም ነበር። እያማሁሽ ግን ነው።

የራይን ዳር ግንቦችን አይተሻቸዋል ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ደረጀ በስልኩ አሳይቶኛል። እኛ በነሱ ሥር ስናልፍ እኔ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ነበር። እሱንም ቀርጾታል።

እግሬ ከማበጡ የተነሳ ጫማዬ እምቢ አለኝ። በካቢኑ ነጠላ ጫማ እራት መብላት ጀመርኩ።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው፣ በመልሱ፣ ኮሎኝ የደረስኩት።

እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። ጀርመን ስገባ ቋንቋ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፣ ከመጠለያው አውጥተው ኮሎኝ ቤታቸው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። አልጋቸውን ለቀውልኝ ሶፋ ላይ ተኙ። ስዳር እናት ሆነው የቆሙት እሳቸው ናቸው። አሁን ሰባን አልፈዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ካየኋቸውም ቆይቻለሁ። ይህን ክሩዝ ስንይዝ በልቤ ያሰብኩት አንድ ወደብ ቢኖር የሳቸው ነው። ስነግራቸው "በቁሜ ዓይንሽን ልየው" ነበር ያሉኝ።

ያን ዕለት ጠዋት መነሳት አቃተኝ።

ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ። ለማላውቃት ሴት ክትፎ ጉልበቴን ጨርሼ፣ እናቴ ደጅ ስደርስ ባዶ ሆንኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም።

ታዲያ "ደክሞኛል" አትያቸውም ነበር?

እስቲ አስቡት። እኛ ዘንድ ድካም መቅሪያ ሰበብ ሆኖ ያውቃል? "ደክሞኛል" ስትሉ መልሱ "ነይና እዚህ ጋደም በይ" ነው። ጋደም ትላላችሁ፣ ከዚያ በየተራ ያጎርሷችኋል።

ስለዚህ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ዛሬ መምጣቴን እንጃ። ትንሽ አሞኝ ነው።"

"ውይ በሞትኩት፣ ምንሽን?"

ምኔን እንደሆነ አላሰብኩበትም ነበር።

"ሆዴን" አልኩ። ያነሰ መሰለኝና "ወገቤንም" ብዬ ጨመርኩ።

 ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጡና "በቃ ተኚ ልጄ፣ አትልፊ" አሉኝ። ያ ትንፋሽ ቅያሜ መሰለኝ። ስልኬን አጠፋሁና ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ።

ደረጀ? እሱማ አርፎ አርፎ ያን ዕለት ኮፍያውን አድርጎ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ እንደ ጎረምሳ ከተማ ሊያይ ወረደ። "ዛሬ ተራዬ ነው" አለኝ።

እኔ እስኪበቃኝ ተኝቼ፣ ስነሳ የመታጠቢያ ካባ ደርቤ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። አይስክሬም አዘዝኩ። የካቴድራሉን ሁለት ማማዎች ተንጋልዬ ሳይ ዋልኩ። ነፋሱ ልክ፣ ፀሐዩ ልክ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያረፍኩበትን አላስታውስም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነት ነው።

ማታ ደረጀ ሲመለስ "ነገማ ወደብ የለም፣ ቀኑን ሙሉ ጉዞ ነው፣ እስክንጠግብ እንተኛለን" አለኝ።

"ምን?"

"ፕሮግራሙ በሩ ላይ ተለጥፏል እኮ።"

ከገባን ጀምሮ ተለጥፏል፤ እኔ ግን ከተሞቹን ለናንተ ስጽፍ በመካከል ባዶ ቀን መኖሩን አላየሁም። ፎጣዬን ስሰቅልበት የሰነበትኩት እሱ ላይ ነው።

አንዲት ቀን። አንዲት ቀን ብችላት ኖሮ፣ ማግስቱ ሙሉ የእንቅልፍ ነበር!

በነጋታው ስልኬን ስከፍት የእትዬ ጥሪ ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። ደነገጥኩ፣ ወዲያው ደወልኩ።

"እትዬ፣ ደህና ነኝ።"

ይቺ ደግሞ ሁለተኛዋ ስህተቴ ናት። በሽተኛ ምን ይላል? "ደህና ነኝ" አይደል የሚለው? ሐበሻ ኦክስጅን ተሰክቶለትም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ነው የሚላችሁ።

"ድምፅሽ ደክሟል" አሉ።

"አሁን ነቅቼ ነው።"

"እስካሁን ተኝተሽ?"

"ተሽሎኛል እኮ እትዬ፣ በሙሉ ለቆኛል።"

"እየደበቅሽኝ ነው" አሉና ስልኩ ተዘጋ።

እኔ ምን አደረግኩ? ይተዉታል ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። እሳቸው ግን ደወሉ፤ ፍራንክፈርት ያለችው የኛ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን ጋ ደወሉ።

ወደ ዛሬ እንምጣ።

መርከባችን ፍራንክፈርት ሲገባ ላይኛው ፎቅ የስንብት ጭፈራ ነበር። አኮርዲዮን ይሰማል፣ ጀርመኖቹ አዛውንቶች አንዱ ያንዱን ትከሻ ይዘው በሰልፍ ይዞራሉ። ደህና አርፌያለሁ፣ ማን ይቻለኝ? ሰልፉን የምመራው እኔ ነኝ። ለጭፈራው አስተናጋጁ ያደረገውን የካፒቴን ኮፍያ ነጥቄ አድርጌዋለሁ። በአንድ እጄ አይስክሬም።

ወንዙ ዳር ሐበሾች ቆመው አየሁ። ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ አበባ፣ ፔርሙዝ፣ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር።

"ውይ፣ የማን በሽተኛ ይሆን?" አልኩት ደረጀን። አዘንኩላቸው። በእጄ ሰላም አልኳቸው።

ደረጀ ዓይኑን አጥብቦ አየ። "የኛ ሰዎች ናቸው" አለ።

ትንሽ ቆይቶ "እኚያ ባለ ፔርሙዙ እትዬ አስካለ አይደሉም?" አለኝ።

አይስክሬሙን ደረጀ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። ኮፍያውን ግን ረሳሁት።

ስወርድ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ።  የጸሎት ቡድኑ መሪ ወንድም ጌታሁን ጭንቅላቴ ላይ እጁን ሊጭን ፈልጎ ኮፍያው ላይ ጫነ። ብስክሌት ነጂዎች ቆመው አዩን። ከላይ ጀርመኖቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ወንድም ጌታሁን ፊቱ በራ።

"አያችሁ ወገኖቼ? በወንበር ልንወስዳት መጣን፣ እሷ ግን እየዘለለች ወረደች! እሁድ ምስክርነት ትሰጫለሽ።"

ሁሉም "አሜን!" አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አሜን ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መውጫዬ ተገኝታለች። ታምሜ ነበር፣ ተፈወስኩ፣ አለቀ። ማን ያውቃል?

ያን ጊዜ እትዬን አየኋቸው። ከኋላ አጥሩን ተደግፈው፣ ፔርሙዙን በሁለት እጃቸው አቅፈው እንባቸው ይወርዳል። በዚያ ጉልበታቸው ከኮሎኝ በባቡር መጥተዋል። ታማሚዋ እሳቸው፣ የተቀመጥኩት እኔ።

አላስቻለኝም። ተነሳሁ።

"አልታመምኩም" አልኩ። "ደክሞኝ ነው። ዋሽቼ ነው።"

ከላይ አኮርዲዮኑ መጫወቱን ቀጥሏል።

እትዬ ቀስ እያሉ መጡ። አሁን ይቀየሙኛል፣ ይኸው አጣኋቸው አልኩ በልቤ። ፔርሙዙን ሰጡኝ። ከዚያ ዞር ብለው እኔ የተነሳሁበት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

"መቼም ባዶውን አይመለስ" አሉ። "ግፊኝ።"

ገፋኋቸው። ከሰዎቹ ራቅ ስንል ወደ ኋላ ሳይዞሩ ማውራት ጀመሩ።

"ያን ቀን ስትደውዪ እኔም አልጋ ላይ ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ እንግዳ ነበረብኝ። ሽንኩርቱን ሳየው እንባዬ መጣ፣ ገና ሳልከትፈው። 'ጌታ ሆይ፣ ምነው ዛሬ ባትመጣ' አልኩ። አፌን ሳልዘጋ አሞኛል ብለሽ ደወልሽ።"

ያ ረጅም ትንፋሽ እፎይታ ነበር ለካ!

"እፎይ ብዬ ለጥ አልኩ። ስነቃ ብደውል ብደውል ስልክሽ ዝግ ነው። ባትመጣ ብዬ ስለጸለይኩ በኔ ጸሎት የታመምሽ መሰለኝ። እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም፣ ልጄ።"

"እትዬ፣ ታዲያ ደክሞኛል አይሉኝም ነበር?"

"አንቺስ?"

 ወንበሩን አቁሜ ከፊታቸው ተንበረከክሁና ጉልበታቸውን ሳምኩት። እሳቸው ኮፍያውን ከራሴ አውልቀው አዩት፣ ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ሲስቁ እኔም ሳቅኩ። ማቆም አቃተን። ወንድም ጌታሁን ከሩቅ ሲያየን ሁለተኛ ዙር ጸሎት የሚያስፈልገን ሳይመስለው አልቀረም።

በፔርሙዙ ውስጥ የአጃ ሾርባ ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ በአንድ ክዳን እየተቀባበልን ጠጣነው።

አሁን ሽቫንሃይም ቤታችን ነን። እትዬ አልጋዬ ላይ ተኝተዋል፣ ሶፋው ዛሬ የኔ ነው። ለመተኛት ሽቫንሃይም አልጋ አለን ብዬ አልነበር? "ነገ የት ላዙርዎት?" ስላቸው "የትም። ጋደም ብለን እንውላለን" አሉኝ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ፕሮግራም ሰምቼ አላውቅም።

ወንድም ጌታሁን የእሁዱ ምስክርነት አልተሰረዘም ብሎ ጽፎልኛል። እውነት መናገርም ፈውስ ነው ይላል። ሜላት ቪዲዮው ደርሷታል። ከሽርሽሯ አንዲት ቃል ብቻ ላከችልኝ፦ "ፓይንሊሽ።" ልክ ናት፣ ያሳፍራል።

የኦፈንባኽዋ እህቴ ደግሞ በመርከቡ ፎቶዬ ሥር "እንኳን ገባሽ፣ እዚሁ ቅርብ ነሽ፣ ነገ ብቅ በይ" ብለሽኛል። አይቼዋለሁ።

ደክሞኛል።

ይኸው፣ አልኩት። ምን መጣ?

ኮመንት ላይ "ምንሽን?" የሚል ካለ ብሎክ አደርጋለሁ።