ለጤነኛ ሰው አናዋጣም

እኛ መዋጮ የማይሰለቸን ሕዝብ ነን። ሰው ሲሞት እናዋጣለን፤ ሰው ሲያገባ እናዋጣለን፤ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲያፈስ፣ የመንደሩ የብረት በር ሲገነጠል፣ ዘበኛው ልጅ ሲወለድለት፣ ሌላው ቀርቶ አይተነው የማናውቀው ሰው ኩላሊቱ ሲደክም ኪሳችንን እንዳብሳለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሳይባል የተከፈተ የኮሚቴ ስብሰባ በበኩሌ አላየሁም። ደግነታችሁን ላጣጥልባችሁ አይደለም። ደግ ነን። ነገር ግን ደግነታችን አንድ አመል አለው፤ ከመስጠቱ በፊት ማልቀስ ይፈልጋል። ተቀባዩ ወይ የሞተ፣ ወይ ለመሞት የተቃረበ፣ ቢያንስ ቢያንስ አልጋ የያዘ መሆን አለበት። እስቲ በሁለት እግራችሁ ቆማችሁ፣ ፊታችሁ እየበራ፣ «አንድ ነገር ልሠራ አስቤአለሁና አግዙኝ» በሉ። ያን ጊዜ አንዲት ሎሚ እንኳ ከዛፏ አትወርድም።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ታክሲዎቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ በኔ ማሽን ያልፋል። የጠፋ መታወቂያ፣ የሚከራይ ክፍል፣ የሙት ዓመት ጥሪ፣ «ወገን ይድረስልን» የሚል የበሽተኛ ፎቶ። የትኛው ወረቀት ገንዘብ እንደሚያመጣ፣ የትኛው ምሰሶ ላይ ዝናብ እየበላው እንደሚቀር ሳይታተም እነግራችኋለሁ። የእህቴ ልጅ ማርታ ያመጣችውን ግን በዘመድ ዓይን ስላየሁት ተሳሳትኩ።

ማርታ ፊልም ትሠራለች። ማለቴ፣ መሥራት ትፈልጋለች፤ እዚህ አገር በሁለቱ መካከል ብዙ ዓመት አለ። ፊልሟ አጭር ነው፣ ከኮልፌ በታክሲ ተነስታችሁ ዓለም ባንክ ሰፈር ሳትደርሱ ያልቃል። አንዲት ሴት አግብታ ከባሏና ከአማቷ ጋር ትኖራለች። ቁልፏን ካስቀመጠችበት ታጣዋለች። ያላለችውን «ብለሻል» ይሏታል። ያጠፋችው ምድጃ በርቶ ታገኘዋለች። ሁሉንም የሚያደርጉት ባልና አማት ናቸው፤ እሷ ግን ቀስ በቀስ የገዛ አእምሮዋን መጠርጠር ትጀምራለች። ማርታ «ሥነ ልቦናዊ ትሪለር» ነው አለችኝ፣ እኔ «ልብ አንጠልጣይ» አልኩ፣ ተስማማን። ሰው ሁሉ ጉሮሮው ላይ የቀረበት ግን ታሪኩ አይደለም። ባለታሪኳም፣ አማቷም፣ ጎረቤቷም የሚሆኑት ሴቶች ጥቁሮች ናቸው። ጠይም አላልኩም። «ጠይም» ሰው እንዳይቀየመን የምናለብሰው የክት ልብስ ነው። ጥቁር፤ እንደ ማርታ፣ እንደኔ፣ እንደ ግማሹ ሰፈር።

መጀመሪያ የሄደችው ገንዘብ ያለው ፕሮዲዩሰር ዘንድ ነበር። ታሪኩን ወደደው፣ ወደደውና ወደደውና መጨረሻ ላይ «ልጅቷን ግን ቀይ አድርጊያት» አላት። ይህን የሚለው ሰው ራሱ ከኔ የጠቆረ ነው። ውጭ አገር ስንሄድ «እኛ ጥቁሮች» እያልን ደረታችንን እንነፋለን፤ ቤታችን ስንገባ ደግሞ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም እያልን እንደ ጤፍ በየዓይነቱ እንሰፈራለን። ልጅ ሳለሁ «ጥቁር ናት ግን ታምራለች» ይሉኝ ነበር። ያቺን «ግን» እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ማርታም እምቢ አለች። «እንግዲያውስ ሕዝቡን እጠይቃለሁ» ብላ ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፈተች፣ የባንክ ቁጥሯን ለጠፈች፤ ወረቀቱን እኔ በነጻ አተምኩላት። ሰፈሩ ምን ሰጠ? ምክር። የግንባታ ዕቃ መደብር ያላቸው፣ እድራችን ውስጥ ቃላቸው የሚሰማ ጋሽ መኮንን ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የታመመው ማነው?» አሉኝ።

«ማንም አልታመመም ጋሼ፤ ፊልም ነው።»

«እሱስ ገብቶኛል። ገንዘቡ ለምን እንደሆነ ነው ያልገባኝ።»

ከጓደኞቿ በቀር የሰጠ አልነበረም። ማርታ ግን ግትር ናት፣ ከኛ ወገን ነው የወረሰችው። ከፊልሙ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ቀድማ ቀርጻ ለሰው ለማሳየት ወሰነች። ዋናዋን ሴት የምትጫወተው ዘነበች ትባላለች፤ ቀራንዮ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት መምህርት ናት፤ ከማርታ ጋር ከትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ዝም ብላ ስትቆም እንኳ ምን እያሰበች ይሆን የምታሰኝ ልጅ ናት። ማርታ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል መስታወት ፊት አቆመቻት። ያለ ቅባት፣ ያለ ኩል። «እዚህ ነው ያስቀመጥኩት» ትላለች ዘነበች። «እዚህ ነው። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት… ነኝ አይደል?» ከዚያ ማልቀስ ትጀምራለች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር፤ ትወና መሆኑን እያወቅሁ ገብቼ ላቅፋት ቃጣኝ።

ቁራጯ ወጣች፣ ሳምንት ሳይሞላ ገንዘብ ዘነበ። ማርታ ስልኳን ይዛ ሱቅ ውስጥ ትዘል ነበር። «አክስቴ፣ ስሚ! ‹አስለቀሰችኝ› ይላል። ‹ልቤን ሰበረችው› ይላል። ሕዝቡ ጥበብ ይገባዋል፣ አላልኩሽም?» ከሥር ብዙ «እግዚአብሔር ይድረስላት» የሚልም ነበር። እሱንም እንደ አድናቆት ቆጠርነው። የሚፈልጉትን ሲያገኙ ማን ደግሞ አጣርቶ ያነባል?

እውነቱን ይዘው የመጡልኝ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፣ የሴቶች እድር ሰብሳቢያችን። ሁለት ሴቶች አስከትለው ገቡና ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

«አልማዝዬ፣ ይቺን በትልቁ አውጪልኝ። ምሰሶ ላይ የሚለጠፍ ነው።»

አየሁት። የዘነበች ፊት ነው፣ እንባዋ እየወረደ። ለካ አንድ የተባረከ ሰው «ፊልሙ እንዲያልቅ ያግዙን» የምትለዋን መጨረሻ ቆርጦ ልቅሶዋን ብቻ አሰራጭቶታል። ሌላ ደግ ሰው ደግሞ የማርታን የባንክ ቁጥር ከሥር ለጥፎ «እህታችንን እናሳክም» ብሎበታል። ሰፈሩ ኮሚቴ አቋቁሟል። ኦርቶዶክሶቹ ጠበል ትወሰድ ብለዋል፣ ጴንጤዎቹ ይጸለይላት ብለዋል፤ ጠበል ይቅደም ጸሎት በሚለው ጥቂት ተነታርከዋል፤ በልጅቷ መታመም ላይ ግን አንድም ሰው አልተከራከረም።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይቺ ልጅ እኮ ጤነኛ ናት። ፊልም ነው። ተዋናይ ናት።»

ሦስቱም ተያዩ። እትዬ ጥሩወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም፣ እኔ ስወልድ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው ነገሩ የባሰ ያቃጠለኝ። እጄን ያዝ አድርገው ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው በቀስታ ተናገሩ።

«የኔ ልጅ፣ ፊልም ቢሆንማ ቀይ ልጅ ትሆን ነበራ! እኔ ፊልም የማላይ መሰለሽ? እንዲህ የምትጠቁረዋ የቤት ሠራተኛዋ ናት። እሷም ታስቃለች እንጂ አታለቅስም።»

ልክ ናቸው። ዓመት ከዓመት ያሳየናቸውን ነው ያመኑት። ቀይዋ ታፈቅራለች፣ ትከዳለች፣ ዝናብ ውስጥ ትሮጣለች፣ እንባዋም ኩሏን አያበላሽም። ጥቁሯ ሻይ አቅርባ ትወጣለች። እና አንድ ቀን ጥቁር ሴት መሐል ላይ ቆማ ስታለቅስ ሲያዩ፣ ታሪክ ይኖራታል ከማለት አብዳለች ማለት ቀለላቸው። ተናደድኩ። ፎቶውን አላትምም አልኳቸው። ሌላ ቤት ሄደው አሳተሙት።

በማግሥቱ ዘነበች ሱቄ መጣች። ከሥራ መልሰዋታል። የመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤት ጠርታ «ትንሽ ዕረፊ፣ ደህና መሆንሽን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ይዘሽ ነይ» ብላታለች። ወላጆች ፈርተዋል። አከራይዋም የወጥ ቤቱን ቢላዋ አንስተው ደብቀውባታል።

«ፊልም ነው ስላቸው ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ እትዬ አልማዝ? ‹እሺ የኔ እናት› ነው የሚሉኝ። ስጮህ ‹ተነሳባት› ይላሉ። ዝም ስል ‹ዝም ያሰኛታል› ይላሉ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዛሬ ጠዋት ቦርሳዬን ካስቀመጥኩበት አጣሁት። አልጋው ሥር ነበር። ለአንድ አፍታ፣ እውነታቸውን ይሆን እንዴ አልኩ።»

ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። ማርታ ይህን ልቦለድ ብላ ስንት ወር የደከመችበትን፣ ሰፈራችን ያለ ስክሪፕት፣ ያለ ካሜራ፣ በመዋጮ ሠርቶታል።

ማርታ ሒሳቡ ውስጥ ፊልሟን ሙሉ በሙሉ የሚያስጨርስ ገንዘብ ነበራት። ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ ጠዋት «እመልሳለሁ» አለች። የበሽተኛ ገንዘብ ይዛ ፊልም ብትሠራ ዘነበች ዕድሜ ልኳን በሽተኛ ሆና ትቀራለች። በእሑዱ የእድር ስብሰባ ቆማ ተናገረች፤ ዘነበች ከጎኗ ቆማለች። ልጅቷ ጤነኛ ናት፣ ያያችሁት ፊልም ነው፣ ለማሳከሚያ ብላችሁ የሰጣችሁ መጥታችሁ ውሰዱ፣ አለቻቸው።

እኔ ሞኟ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል እጠብቅ ነበር። ልጅ ድና ተገኘች እኮ! ከመታመሟም በፊት ድና! እነሱ ግን ተቆጡ። «አታላዮች!» አለ አንዱ። «በእንባችን ተጫወታችሁ» አለች ሌላዋ። ጋሽ መኮንን «ቢያንስ ይቅርታ ትጠይቅ እንጂ» አሉ። ዘነበች ጤነኛ በመሆኗ ይቅርታ ትጠይቅ! አላስቻለኝም፣ ተነሳሁ።

«ታማ ብትገኝላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር?» አልኩ። «ስታብድ የዘረጋችሁትን እጅ ስትድን የምትሰበስቡት ለምንድነው? ሥራዋን አሳጥታችኋታል፣ ቢላዋ ደብቃችሁባታል፣ ራሷን እንድትጠራጠር አድርጋችኋታል። ይቅርታ የሚጠይቀው ማነው?»

«አልማዝ ደግሞ ንዴት አለባት» አሉ ከኋላ።

ሱቄ በር ላይ ተሰለፉ። ገንዘቡን የምትመልሰው ዘነበች ራሷ ነበረች፣ እሷ ናት እኔ ልመልስ ያለችው። እያንዳንዱን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ትሰጣለች። አብዛኛው መሬት መሬት እያየ ተቀበለ። ጋሽ መኮንን ግን ቆጥረው ተቀበሉ። ከዚያ አንዲት ጥቁር፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተሸፈነች፣ ከገበያ የተመለሰች የምትመስል ሴት ተራዋ ደረሰ። ዘነበች ብሩን ስትዘረጋላት አልያዘችውም።

«ቁልፉን የደበቀው ማነው?» አለች።

«ባልየው ነው» አለች ዘነበች።

«አውቄያለሁ» አለች ሴትዮዋ። «እኔንም ጠበል ወስደውኝ ነበር። ምንም ሳልሆን» አለች። «መጨረሻውን ሳላየው እንዳልቀር፣ ሥሩት» ብላ ብሯን ትታ ሄደች። ከኋላዋ የነበሩ ጥቂት ሴቶች ተያዩና ብራቸውን ሳይወስዱ አንድ በአንድ ከሰልፉ ወጡ። ብዙ አልነበሩም። ካሜራ ለመከራየት ግን በቁ።

መዋዕለ ሕፃናቱስ እንዳትሉኝ። ዘነበች አለማበዷ ሲረጋገጥ የመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤት «ተዋናይ መሆንሽን ወላጆች ከሰሙ በኋላ ይከብዳል» ብላ አሰናበተቻት። ምክንያቱ ሲያልቅ ሌላ ምክንያት አይጠፋም።

ባለፈው ሳምንት ከሱቄ ጀርባ ቀረጻው ተጀመረ። ጋሽ መኮንን የሆነ ውል ኮፒ ሊያስደርጉ መጥተው ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ከውስጥ ዘነበች ጮኸች፤ ሥጋ የሚቆራርጥ ጩኸት ነው። ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጋሼ፣ እየተቀረጸ ነው» አልኳቸው።

«ነግራችሁናል፣ ሰምቻለሁ» አሉ። በሩን ትክ ብለው አዩት። «ይሄ ግን አልማዝ፣ ይሄስ ትወና አይደለም።» እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ከተመለሰላቸው በላይ የሆነ ብር አወጡና፣ ማንም እንዳያያቸው ዞር ዞር ብለው፣ ባንኮኒው ላይ አኖሩት። «ለጠበል» አሉኝ በሹክሹክታ።

ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ ሰልፍ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ብሩን ለማርታ ወሰድኩላት። የመብራት ኪራይ ጎድሎባት ነበር።