በእጥፍ ፍጥነት የተሰማ ትዕግሥት

የሰው ልጅ ትኩረት በጠራራ ፀሐይ በሚዘረፍበት በዚህ ዘመን፣ አንድ ቤተሰብ እንኳ ከዘረፋው መትረፉ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው። የተረፈው ቤተሰብ ሦስት ሰው ነው፤ ያተረፉት ደግሞ ሰፈሩ «ሰብሳቢው» እያለ የሚጠራቸው ጡረተኛ የቢሮ ኃላፊ ናቸው። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ቢሮው ሰላም አገኘ፤ ቤታቸው ግን ስብሰባ ገባ።

ነገሩ የተጀመረው ሰብሳቢው አንድ የሥነ ልቦና አስተማሪ «ስልክ ትኩረታችንን ይበላል፤ ትኩረት ማጣት ደግሞ ትዳራችንን» ሲል የሰሙ ዕለት ነው። የሰሙት በስልካቸው ነው። ደነገጡ፤ የቀሩትን ትምህርቶች በሙሉ ሰምተው የቤተሰቡን ትኩረት ለማስመለስም አቅጣጫ አስቀመጡ። ትምህርቱ ብዙ ነው፤ ዕድሜ ደግሞ አጭር። ስለዚህ ሁሉንም በእጥፍ ፍጥነት ያዳምጡ ጀመር። «ትዕግሥትን እንዴት እናዳብር» የሚለውን ከምሳ በፊት ጨረሱት።

ቀጥሎ አንድ መተግበሪያ ጫኑ። ስልኩ ሳይነካ በቆየ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አበባ ያበቅላል። ሰብሳቢው አበባዋ መብቀሏን ለማረጋገጥ በየደቂቃው ይከፍቱታል፤ አበባዋም ትጠወልጋለች። «የሰው ልጅ ምን ያህል እንደተጎዳ ተመልከቱ» ይሉና በሐዘን መልሰው ይከፍቱታል።

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸው ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመርፌው ቀዳዳ እየጠፋባቸው፣ ክሩን በምላሳቸው አርሰው ደጋግመው ይሞክሩና በመጨረሻ ልጃቸውን ይጠራሉ። ሐኪሙ «የዓይን ሞራ ነው፤ ሐሙስ እንገፈዋለን። ሰው ይዘው ይምጡ» አላቸው። ሴትየዋም ለባላቸው ሊነግሩ ሄዱ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር።»

ሰብሳቢው ጠቋሚ ጣታቸውን አነሡ። በቤቱ መመሪያ መሠረት ይህ «ሙሉ ትኩረቴ ካንቺ ጋር ነው፣ ቆዪ» ማለት ነው።

«ሐሙስ ዕለት...»

«ቆዪ፣ ቆዪ። ስለ ማዳመጥ እየተናገረ ነው።»

ሴትየዋ ቆሙ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰብሳቢው ማዳመጫውን ካንድ ጆሯቸው ነቅለው የባለቤታቸውን ፊት መረመሩ።

«አሁን ፊትሽ ላይ የማየው ስሜት ቅሬታ ይባላል። ስሜት ስሙ ሲጠራ ይለዝባል። ቀለል አላለሽም?»

«እኔን ያስቸገረኝ ዓይኔ ነው።»

«እንባ ጥሩ ነው፤ አትገድቢው» ብለው ማዳመጫውን መለሱ።

እንዲህ ያለ ባል ለሁሉም አይሰጥም። ሴትየዋ ፈጣሪያቸውን አመስግነው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ።

ስልክ ጠጋኝ የሆነችው ልጃቸው ማታ ስትገባ ነገሩን ሰማች።

«እማዬ፣ እኔ አልወስድሽም እንዴ?»

«ትወስጅኛለሽ የኔ ልጅ። ግን ፋሻው ሲፈታ ፊት ለፊቴ እሱ እንዲቆም ነው የምፈልገው። ካየሁት ቆየሁ።»

«እንግዲያው እሱ ያለበት ድረስ ሄደን እንንገረው» አለችና ስልኳን አወጣች።

እናትየው እየሰፉ ተናገሩ፤ ልጅቱ ድምፃቸውን ቀዳች። የምትጠልቅ ፀሐይ ፎቶ ለጥፋ፣ «የማይሰማ ባል ምልክቶች» የሚል ርዕስ ሰጥታ ለአባቷ ላከችላቸው።

ሰብሳቢው እንደ ልማዳቸው በእጥፍ ፍጥነት ከፈቱት። የሴትየዋ ድምፅ ቀጥኖ እንደ ጫጩት ቢንጫጫም ቃሉ ይሰማል። «ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ ስናገር አይሰማኝም። ሐሙስ ዓይኔን ሊሠሩኝ ነው፤ አብሮኝ ቢሄድ ደስ ይለኝ ነበር...»

ሰብሳቢው ማዳመጫውን ከሁለቱም ጆሯቸው ነቀሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ተነሥተው ወደ ስፌት መኪናው ሄዱ።

«አንዲት ሴትዮ ልኬልሻለሁ፤ ስሚያት፣ ይጠቅምሻል። ከንግግሯ ሥር ያስገቡት ሙዚቃ ራሱ ልብ ያረጋጋል፤ ትክ ትክ ትክ የሚል።»

መኪናው ቆመ።

«ምን ሆና ነው?»

«ዓይኗን ልትታከም ነው። ባል አላት፣ ጆሮ የለውም እንጂ። ቪዲዮውን ያገኘችው ልጃችን ናት፤ ለባልየው አድርሺልኝ ብዬ ጻፍኩላት። ‹ወንድሜ፣ ስልክህን አስቀምጥና ሚስትህን ቀና ብለህ እያት› ብዬ።»

«ጥሩ ብለሃል። ደረሰው?»

«አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ሰው የት ይሰማል!» ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለመሆኑ ምስኪኗን ማን ይወስዳታል?»

«አንተ ብትሆን ትወስዳት ነበር?»

«ምን ጥያቄ አለው።»

«እንግዲያው ሐሙስ በጠዋት ልብስህን ለብሰህ ጠብቀኝ።»

ሰብሳቢው ቀና አሉ። የመኪናውን መርፌ፣ ያላለቀውን ቀሚስ፣ ከዚያ ሴትየዋን አዩ። ንግግር ሳያደርጉ ቁጭ አሉ፤ ሰፈሩ ይህን ቢሰማ አያምንም።

ሐሙስ ሄዱ። በማግስቱ ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ ሰብሳቢው እጃቸውን አጣምረው ፊት ለፊት ቆመዋል። ሴትየዋ ዓይናቸውን እያርገበገቡ ብዙ አዩአቸው።

«ለካ ሸብተሃል።»

«አንቺም» አሉ ሰብሳቢው፣ እጅግ እየተገረሙ። ሞራ የተገፈፈለት ግን የእሳቸው ዓይን አልነበረም።